ማርና ሰም፤ የንብ ታሪክ በደብረ ወርቅ አገር

በምሥራቅ ጎጃም፥ በእናርጅ እናውጋ ወረዳ የምትገኘው ደብረ ወርቅ ከጮቄ ተራራ በስተ ምሥራቅ፥ ከዐባይ ሸለቆ በላይ ባለው ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከእመቤታችን ደብር ነው፤ በዚያም ወንጌላዊው ሉቃስ የሣላት ናት ተብላ የምትነገር ሥዕል ስላለች ከሩቅም ከቅርብም ተሳላሚ ይመጣል። ተሳላሚውም ባዶ እጁን አይመጣም፤ ዕጣን ወይም ጧፍ ይይዛል። ጧፍ የጥጥ ፈትል በሰም ተነክሮ የሚሠራ መብራት ነው። እንግዲህ የወርቅ ተራራ የተባለው ደብር የሌሊቱን ማሕሌት የሚያበራው ከዝንብ ጥቂት የምትበልጥ ፍጥረት ከሆዷ በምታወጣው ነገር ነው። ከሆዷ መባሉ ያስደነቀው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሥ፤ ነገሩ ኋላ ይገለጣል።

የአገሩ አቀማመጥ ለንብ የተመቸ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሜዳውና የእርሻው ዳር በአደይ አበባና በመጭ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያም ኑጉና ባቄላው ይከተላል። በጥቅምትና በኅዳር የሚቈረጠው ማር ከእነዚህ የተገኘ ነው። በጋው ሲገባ ግራዋው፥ በቆላውም ግራሩ ያብባል፤ በልግ ሲዘንብ ብሳናው ይደርሳል፤ ሁለተኛውም ማር በግንቦትና በሰኔ ይቈረጣል። ከጮቄ ራስ እስከ ዐባይ ወለል ያለው ቍልቍለት ረጅም ስለ ሆነ አንዱ አበባ ሲረግፍ ሌላው በሌላ ከፍታ ይፈነዳል። ገበሬው ቀፎውን ከሸምበቆ ወይም ከጭራሮ ጐንጕኖ፥ በእበትና በጭቃ ለቅልቆ ሲያበቃ በወይራ ጢስ ያጥነዋል፤ የሸተታት ንብ ትገባለች። ሰው ለወዳጁ የወተት ዕቃ እንደሚያጥን እንዲሁ ለንብ ቤቷን ያጥንላታል።

ይህ ልማድ የትናንት አይደለም። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኞች ጋራ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ስድስት ዓመት በኢትዮጵያ ተቀምጦ ባየው ላይ በጻፈው መጽሐፍ ማር በአገሩ ሁሉ የበዛ መሆኑን ይናገራል። እርሱን ያስገረመው ግን የማሩ ብዛት ብቻ አልነበረም። በአገሩ ቀፎ በውጭ ሲቀመጥ አይቶ ያደገ ሰው ነውና፥ በዚህ ገበሬው ከሚያድርበት ቤት ውስጥ ቀፎው ከግድግዳው ተጠግቶ፥ ንቦቹ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ መስክ ሲወጡና ሲገቡ፥ በቤቱም ውስጥ በሰዎች መካከል ሲዘዋወሩ ማየቱ ለእርሱ አዲስ ነገር ሆነበት። ዛሬም በገጠር ቤት ያደረ እንግዳ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ያንኑ ሊያይ ይችላል።

ማር የመንግሥት ሀብትም ነበረ። በቀድሞው ዘመን ጠጅ የነገሥታትና የመኳንንት መጠጥ፥ ጠላ የሕዝቡ ነበርና፥ ግብር የሚያበላ ሁሉ ማር የሚያገባለት አገር ያስፈልገው ነበር። ከባላገሩ የሚሰበሰበው ማር በጉንዶ ይቈጠር ነበር። የዐባይን ምንጭ ፍለጋ መጥቶ በ1763 ዓ.ም. ግሽ ዐባይ የደረሰው የስኮትላንዱ ሰው ጀምስ ብሩስ፥ የአገው ሰዎች ማርና ቅቤ ከብትም እየያዙ ወደ ጎንደር ገበያ እንደሚወርዱ፥ ለንጉሡም ግብራቸውን በማር ጭምር እንደሚከፍሉ ጽፏል። የጎንደር ቤተ መንግሥት ያለ ጎጃም ማር ግብር ማብላት ይቸግረው ነበር ማለት ነገር ማጋነን አይሆንም።

ንብ ከመንግሥት ጋራ ያላት ነገር ከዚህም ይልቃል። ንጉሡ ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ መጥቶ እንደ ከበበው፥ እናቱም ይህን አይታ ንቦች ንግሡን ዐወቁ ስትል እንደ ተናገረች ገድሉ ይተርካል፤ ስሙንም ከዚህ ያወጡታል። የሚያስደንቀው፥ ይህን የሚመስል ታሪክ በሌላም አገር መነገሩ ነው። የጽርእ ሰዎች ፈላስፋው አፍላጦን ሕፃን ሳለ ንቦች በከንፈሩ ላይ ማር አኖሩ ብለው ነበር፤ በአራተኛው መቶ ዓመት የሚላን ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አምብሮስዮስም በአልጋው ተኝቶ ሳለ ንቦች በአፉ ገብተው እንደ ወጡ የሕይወቱ ታሪክ ይነግራል። ነገር ግን በዚያ ንብ የምትመሰክረው ለአንደበት ጣዕም ነው፤ በላስታ ግን የመሰከረችው ለዘውድ ነው። ንብ ራሷ በአንድ አለቃ ሥር የምትኖር መሆኗን ያወቀ ሕዝብ እንዲህ ያለውን ምስክርነት ከእርሷ መቀበሉ የሚገባ ነው።

በመጽሐፍም ያላት ስፍራ ልብ የሚባል ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ሰነፉን ሰው ወደ ገብረ ጕንዳን እንደሚልከው ሁሉ ያውቃል። ሰባው ሊቃናት ወደ ጽርእ በመለሱት መጽሐፍ ግን ከገብረ ጕንዳን ቀጥሎ ወደ ንብም ይልከዋል፤ ጕልበቷ ደካማ ሲሆን በጥበቧ እንደ ከበረች፥ የድካሟንም ፍሬ ነገሥታቱም ተራው ሰውም ለጤናቸው እንደሚሹት ይጨምራል። በዕብራይስጡ ይህ አይገኝም። ደግሞም ሌላ ነገር አለ፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ማር በእሳት ከሚቀርበው ቍርባን ጋራ እንዳይቃጠል ተከልክሏል፤ የሐዋርያት በሚባለው ቀኖናም ማርና ወተት ወደ መሠዊያ እንዳይቀርብ የሚያዝ አንቀጽ አለ። እንዲህ ማሩ ከመሠዊያ ሲከለከል ሰሙ ግን በመሠዊያው ፊት ይበራል። በጾም ቀን ደግሞ ወተቱ ሲከለከል ማሩ አይከለከልም፤ ካህኑም በብርዝ ጕሮሮውን ያርሳል። በሮም ቤተ ክርስቲያን በትንሣኤ ሌሊት ትልቁ ሻማ ሲበራ በሚዜመው ጸሎት ውስጥ የንብ ስም ይነሣል፤ የቀደሙት ሰዎች ንብ ያለ ሩካቤ የምትራባ ድንግል ናት ብለው ያምኑ ነበርና ሰሟን ለዚያ ሌሊት የሚገባ ንጹሕ ብርሃን አድርገው ቈጠሩት።

ይህ እምነት ግማሹ ስሕተት፥ ግማሹ እውነት ሆኖ ተገኘ። የተገኘበትም መንገድ ራሱ ታሪክ ነው።

የጎጃም ገበሬ በቀፎው ውስጥ ያለችውን ታላቂቱን ንብ አውራ ይላታል። አውራ ማለት፥ አውራ ዶሮ እንደሚባለው፥ ወንዱንና አለቃውን የሚያመለክት ቃል ነው። ገበሬው በዚህ ብቻውን አልተሳሳተም፤ ፈላስፋው አሪስጣጣሊስም ንጉሥ ብሎ ጽፏታል፤ እናት ናት የሚሉ ሰዎች እንዳሉም አልሸሸገም። አውራዋ ሴት መሆኗን፥ እንቍላሉንም ሁሉ የምትጥል እርሷ መሆኗን በመጽሐፍ የገለጠው በፈረንጆች ቍጥር በ1586 የስፔኑ ሰው ሉዊስ ሜንዴስ ዴ ቶሬስ ነው። በ1609 ደግሞ ቻርልስ በትለር የሚባል እንግሊዛዊ የገጠር ቄስ የሴቶች መንግሥት የሚል ስም የሰጠውን መጽሐፍ አሳተመ፤ ከዚያም ወዲህ የእንግሊዝ አገር ንብ ንጉሥ የላትም፤ ንግሥት ነው ያላት። በዚያው መቶ ዓመት የሆላንዱ ሐኪም ስዋመርዳም አውራዋን ሰንጥቆ በአጕሊ መነጽር ቢመለከት የእንቍላል ማኅፀን አገኘ፤ ክርክሩም በዚያ አለቀ።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ከፖላንድ ወገን የሆነ ዮሐንስ ጄርዞን የሚባል የሲሌዝያ ቄስ በደብሩ ንቦች እያረባ ሲመረምር አንድ የማይታመን ነገር አገኘ፤ በ1845ም ጻፈው። አውራዋ ዘር የተቀበለ እንቍላል ብትጥል ሴት ይሆናል፤ ዘር ያልተቀበለ እንቍላል ብትጥል ግን ወንዱ፥ ድንጉላው ንብ ይፈለፈላል። ስለዚህ ድንጉላው አባት የለውም፤ አያት ግን አለው። መጀመሪያ ብዙዎች ተቃወሙት፤ ኋላ ግን ሁሉ ተቀበለው። የቀደሙት ሰዎች ስለ ንብ ድንግልና የተናገሩት እንግዲህ በወንዶቹ ልደት እውነት ሆነ፤ ሠራተኞቹም ንቦች ሁሉ ሴቶች ሲሆኑ ወንድ ሳያውቁ ይሞታሉ። በ1851 ደግሞ በአሜሪካ ፊላደልፍያ ላንግስትሮት የሚባል ሰባኪ ንቦች ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ክፍተት ለመተላለፊያ ትተው ሳይደፍኑት እንደሚኖሩ ተገነዘበ፤ ከዚያ ያነሰውን በሙጫ ይደፍናሉ፥ የበለጠውንም በሰፈፍ ይሞላሉ። በዚህ ልክ ክፈፍ ያለው ሣጥን ቀፎ ሠራ፤ ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት እርሱን ነው። በእንግሊዝ አገር በበክፋስት ገዳም መነኩሴው አዳም አብዛኛውን ዕድሜውን ንብ ሲያራባ ኖረ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ከእነዚህ ሰዎች የሚበዙት ካህናት ናቸው። የደብር ኑሮ ጸጥታ ያለው ነውና፥ በቀፎ ደጃፍ ተቀምጦ ለመመልከት ጊዜ የሚያገኝ ካህን ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ዐይን የሌለው ሰው ያየው ነው። የጄኔቫው ፍራንስዋ ሁበር በወጣትነቱ ዐይኑ ጠፍቶ ነበር። ፍራንስዋ ቡርነን የሚባለው አገልጋዩ እያየ ይነግረዋል፤ እርሱም እየጠየቀ፥ እየፈተነ ያስመለክተው ነበር፤ መጽሐፉም በ1792 ታተመ። እስከ እርሱ ዘመን ድረስ ብዙዎች ንብ ሰምን ከአበባ የምትለቅም ይመስላቸው ነበር። ሁበር ንቦቹን ከአበባ ለይቶ ዘግቶባቸው ማርና ስኳር ብቻ ቢመግባቸው ሰም ሠሩ። ሰሙ ከሠራተኛዪቱ ንብ ሆድ ሥር ካሉት ዕጢዎች እንደ ቅርፊት ሆኖ ይወጣል፤ እርሷም በአፏ አላምጣ ትጠቀምበታለች። ለአንድ ኪሎ ሰም ስድስት ኪሎና ከዚያም በላይ ማር እንደምትበላ ይገመታል። በመጀመሪያው ከሆዷ የተባለው ይህ ነው።

ሌላውን በአጭሩ መናገር ይበቃል። አውራይቱና ሠራተኛይቱ ከአንድ ዐይነት እንቍላል ይወጣሉ፤ የሚለያያቸው ምግቡ ብቻ ነው፤ አውራ በ16 ቀን፥ ሠራተኛ በ21 ቀን፥ ድንጉላ በ24 ቀን ይወጣሉ። አውራይቱ በአበባ ወራት በቀን ከ1500 በላይ እንቍላል ልትጥል ትችላለች፤ ዓመታትም ትኖራለች፤ ሠራተኛይቱ ግን በሥራው ወራት ስድስት ሳምንት ያህል ኖራ ትሞታለች፤ በዕድሜዋም የምትሠራው ማር የሻይ ማንኪያ ዐሥራ ሁለተኛ እጅ ያህል ነው። አበባ ያገኘች ንብ ተመልሳ በሰፈፉ ላይ እየተወዛወዘች ትሽከረከራለች፤ የውዝዋዜዋም አቅጣጫ አበባው ከፀሐይ በየት በኩል እንደ ሆነ፥ የቈይታዋም ርዝመት ምን ያህል እንደሚርቅ ለእኅቶቿ ይነግራል። ይህን የተረጐመው የአውስትርያው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1966 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ወደ አገራችን ነገር ስንመለስ፥ ስለ ማር የተነሣ አንድ የቈየ ክርክር አለ። ከ1617 እስከ 1626 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ ንቦች ማራቸውን በዛፍ ፍልፈልና በምድር ጕድጓድ ጭምር እንደሚሸሽጉ፥ አንዲት ወፍ ግን ማሩን አግኝታ በመንገድ ዳር እየጮኸችና ክንፏን እያማታች መንገደኛውን እንደምትጠራ፥ ከዛፍ ወደ ዛፍም እየበረረች ወደ ማሩ እንደምትመራው፥ ሰውየውም ማሩን ሲቈርጥ ለእርሷ ድርሻዋን እንደሚተውላት ጻፈ። ከመቶ ዐምሳ ዓመት በኋላ ብሩስ ይህን አንብቦ ዘበተበት፤ በየቤቱ ቀፎ በሞላበት አገር ማር የምትጠቍም ወፍ ምን ታደርጋለች አለ። የብሩስ ዘለፋ ለአገሩ የማር ብዛት መልካም ምስክር ነው፤ ስለ ወፊቱ ግን የተሳሳተው እርሱ ነበር። በ1989 በፈረንጆች ቍጥር በሰሜን ኬንያ በቦረና ሰዎች ዘንድ የተደረገው ምርምር እንዳሳየው፥ ማር ፈላጊው ያለ ወፍ አንድ የንብ ቤት ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲወስድበት ወፏ ስትመራው 3.2 ሰዓት ብቻ ይበቃዋል። በ2016 ደግሞ በሞዛምቢክ፥ ሰው የተለመደውን የጥሪ ድምፅ እያሰማ ሲሄድ ማር የማግኘት ዕድሉ ከ17 ከመቶ ወደ 54 ከመቶ ከፍ እንደሚል ታወቀ። ወፏ የምትሻው ሰሙንና እጩን ነው፤ ሰምን በሆዷ ማድቀቅ ከሚችሉት ጥቂት ፍጥረታት አንዷ ናት። ሎቦ በምድር ጕድጓድ ያለ ያለው ማርም፥ መናደፊያ የሌላት ትንሽ ንብ የምትሠራው፥ ሕዝቡ ለመድኃኒት የሚፈልገው የጣዝማ ማር መሆኑን ለመገመት አያዳግትም።

ሰም በጎጃም የመብራት ብቻ አይደለም፤ የትምህርትም ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ የሚሻውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲጠና ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታውም የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅ ያሉት ከዚህ ነው፤ በዋሸራ፥ በጎንጅና በዲማ ስንት ደቀ መዝሙር ይህን ስም እየጠራ ሲቈጥር አድጓል! ከንብ ሆድ የወጣውን ሰም በእጁ የዳሰሰ ተማሪ ግን ምሳሌው ምን ያህል የቀረበ እንደ ሆነ ይበልጥ ይረዳዋል፤ ሰሙ መልኩን ለወርቁ አውርሶ ራሱ ይጠፋልና።

አሁን ስለ ሰሙ መገኛ መነገር ያለበት ነገር አለ። በኢትዮጵያ ከሚቈረጠው ማር አብዛኛው ለጠጅ ይሆናል፤ ኢትዮጵያም በማር ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ ናት። ማሩ ከነሰፈፉ በውሃ ሲበረዝ ማሩ ይሟሟል፤ ሰሙ ከላይ ይሰፍፋል፤ ሰፈፍ መባሉም ከዚህ ነው። ጠጅ ጣይዋ ሰፈፉን ሰብስባ ትሸጣለች፤ ነጋዴው ያቀልጠዋል፥ ያጣራዋል፤ ከዚያ ወደ ውጭ አገር ወይም ወደ ጧፍ ሠሪ ይሄዳል። ስለዚህ በሌሊት በመቅደሱ የሚበራው ብርሃን ከፍ ያለ እጁ የጠጅ ቤት ትርፍ ነው። ይህን ሰምተው የሚከፉ አባቶች ይኖሩ ይሆናል፤ ግን የሚያስከፋ ነገር የለበትም፤ ንቧ ማሩን ለማን እንደምትሠራ አልተጠየቀችም።

ይህ የቈየ ሥርዓት በሦስት ወገን እየተነካ ነው። የመጀመሪያው መልካም ከሚባል ነገር የመጣ ነው። ሣጥን ቀፎ ለገበሬው ከቀድሞው ቀፎ ይልቅ ብዙና ንጹሕ ማር ይሰጠዋል፤ ማሩ ከክፈፉ በመጭመቂያ ወጥቶ ሰፈፉ ለንቦቹ ይመለስላቸዋልና ሰም ግን አይገኝበትም። ከቀድሞው ቀፎ ከሚቈረጠው ከመቶ 8 እስከ 10 ሰም ሲሆን፥ ከሣጥኑ ከመቶ 1 ወይም 2 ብቻ እንደሚሆን ይገመታል። ማሩ ሲበዛ ሰሙ ያንሳል ማለት ነው። ሁለተኛው ከእርሻው ነው። ለጤፍና ለስንዴ የሚረጨው ፀረ አረም መጩን ከነአበባው ያጠፋዋል፤ ፀረ ተባዩም በቀን፥ ንብ በምትወጣበት ሰዓት ሲረጭ ንቧን ራሷን ይገድላታል። ገበሬው አረሙን ካላጠፋ ጤፉ ያንስበታል፤ ቢያጠፋው ማሩ ያንስበታል፤ በአንድ ደጃፍ ሁለቱም ያስፈልጉታል። መርጫውን ወደ ማታ፥ ንቧ ከገባች በኋላ ማድረግ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ከሜዳው አበባ ሲጠፋ ለንብ የቀረላት በየደብሩ ዙሪያ ያለው ዐጸድ ነው፤ ወይራው፥ ብሳናውና ሌላው አገር በቀል ዛፍ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚያ ብቻ ሆኗል።

ሦስተኛው ፓራፊን ነው። ከነዳጅ የሚወጣ ነጭ ነገር ሲሆን ዋጋው ከንብ ሰም ይረክሳል፤ ከሰሙ ጋራ ቢቀላቀልም በዐይን በቶሎ አይለይም። በአፍንጫ ግን ይለያል፤ ንጹሕ የንብ ሰም ሲበራ ማር ማር ይሸታል። በዓል በቀረበ ቍጥር በደብሩ መንገድ ዳር ጧፍ በእስር በእስር ተደርድሮ ይሸጣል፤ ተሳላሚውም ርዝመቱንና ዋጋውን ጠይቆ ይገዛል። በፈትሉ ላይ ካለው ሰም ምን ያህሉ ከንብ እንደ መጣ ግን ሻጩም አይናገር፥ ገዢውም አይጠይቅ።